የመሊካ ቃል

በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ባደረበት ሐሙስ ማለዳ፣ አምቦ ከገበያው በስተጀርባ ባለው በእህል ነጋዴው በአብዱልናስር ቤት የነበሩት እነዚህ ናቸው፤ ራሱ አብዱልናስር፣ ሚስቱ ሹኩሪያ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጁ ሙሂዲን፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጁ መሊካ፣ እንዲሁም ከወራቤ ከመጣ ብዙም ያልቆየው የወንድሙ ልጅ ፋሩቅ። ጎህ ሲቀድ ጩኸት ሰምታ የገባችው ወተት ሻጭ ጎረቤት አዴ ጃለኔ ናት። ፀሐይ ስትወጣ አብዱልናስር ሞቶ ነበር።

ኢንስፔክተር ባየሽ መርጋ ጣቢያው ስትደርስ ጉዳዩ ያለቀ መስሎ ጠበቃት። ኮንስታብል ሞሲሳ በር ላይ ቆሞ ካፖርቱን ያራግፋል።

«ምንም የቀረ ነገር የለም፣ ኢንስፔክተር። ልጅቷ አምናለች። ወተት ውስጥ የአይጥ መርዝ ጨምሬ አጠጣሁት ብላለች። የአጎቷ ልጅም ለአባቷ ስታምን በጆሮዬ ሰምቻለሁ ብሎ መስክሯል። አስከሬኑ ሆስፒታል ነው። ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን ከሰዓት በኋላ አምጡልኝ ብሏል።»

«በምን ሊከስሳት?»

«በከባድ የሰው ግድያ ነዋ። አስባ፣ በመርዝ፣ የገዛ አባቷን።» ሞሲሳ ይህን ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ። እሱም ሴት ልጅ አለችው።

መሊካ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሻርፗ በአንድ በኩል ረጥቧል። እግሯ ሥር ባልዲ ተቀምጧል።

«ምን ሆና ነው ባልዲው?»

«እያስመለሳት ነው። ፍርሃት ነው» አለ ሞሲሳ።

ባየሽ ከፊት ለፊቷ ሳይሆን ከጎኗ ተቀመጠች። ልጆችን ስትጠይቅ ፊት ለፊት መቀመጥ አትወድም፤ የፖሊስ ልብስ እያዩ የሚናገሩት ነገር ብዙ ጊዜ ለልብሱ የተዘጋጀ እንደሆነ ታውቃለች።

«አካም ቡልቴ፣ መሊካ» አለቻት።

«አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው።»

«ዕድሜሽን አልጠየቅሁሽም። እንዴት አደርሽ ነው ያልኩሽ።»

ልጅቷ አቀረቀረች። ከዚያ የተጠና ትምህርት እንደሚደግም ሰው በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። «አባዬ ወራቤ አክስቴ ዘንድ ሊልከኝ ነበር። እኔ ደግሞ እዚሁ መማር ነው የምፈልገው። ተናደድኩ። ማታ ወተት ውስጥ የአይጥ መርዝ ጨመርኩና ሰጠሁት። ልጅ ስለሆንኩ አላሰብኩትም።»

«መርዙ ዱቄት ነው? ፈሳሽ ነው?»

«ፈሳሽ… ዱቄት ነው።»

«ዕቃው የታለ?»

«ጣልኩት።»

«የት?»

«ዝናቡ ወሰደው።»

ባየሽ አልተከራከረቻትም። «ራስሽን ያምሻል?» አለቻት።

«ይፈልጠኛል።»

«አንቺም ከወተቱ ጠጥተሻል?»

«ኧረ አልጠጣሁም!» አለች መሊካ ደንግጣ፤ ወዲያው ደግሞ አጥፍታ እንደሆነ ሁሉ የባየሽን ፊት አየች።

«እሺ። አባትሽ ከጠጣ በኋላ ምን አለሽ?»

እስከዚህ ድረስ የልጅቷ ዓይን ደረቅ ነበር። «ምንም አላለኝም። ምንም ማለት አልቻለም» አለችና አለቀሰች። ባየሽ እስክታበቃ ጠበቀቻት። መሊካ ፊቷን ጠርጋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ «የልጆቹ ቦታ አምቦ ነው ወይስ አዲስ አበባ?»

«የልጆች ቦታ ትሄጃለሽ ያለሽ ማነው?»

መሊካ ባልዲውን በእግሯ ወደ ራሷ ሳበች።

ባየሽ ከወንበሩ ተነሳች። ሕጉን ከልጅቷ በተሻለ ታውቀዋለች። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ሕፃን አይከሰስም። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ያለውን ፍርድ ቤት ለብቻው ያየዋል፤ ወደ ማረሚያ ወይም ወደ ወላጁ ይመልሰዋል። አሥራ አምስት ያለፈው ግን አዋቂ በሚከሰስበት አንቀጽ ነው የሚከሰሰው። አሥራ ስምንት ካልሞላው ሞት አይፈረድበትም፤ ዳኛውም ዕድሜውን አይቶ ሊያቀልለት ይችላል። ከዚህ በቀር ግን ይቺ ልጅ ባመነችው ወንጀል የሚጠብቃት የወጣትነት ዕድሜዋን በሙሉ የሚበላ እስራት ነው። ደግሞ ይህን ጨርሶ አታውቅም።

«ና እንሂድ» አለችው ሞሲሳን።

«ወዴት?»

«ወደ ቤቱ። ታማ ነው ወይስ ፈርታ የሚያስመልሳት፣ እሱን ላረጋግጥ።»

በአብዱልናስር ደጅ ሸራ ተወጥሮ ጥቂት ሴቶች ተቀምጠዋል። የሰፈሩ ወንዶች አስከሬኑን ተከትለው ሆስፒታል ሄደዋል። ሹኩሪያ ከበሩ ምሰሶ ጋር ተጣብቃ፣ የለቅሶ ድምፅ ሳታሰማ ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች። ባየሽ ጎንበስ ብላ «አላህ ያጽናሽ፣ እህቴ» አለቻት። ሹኩሪያ እጇን ያዘቻት። እጇ በረዶ ነው።

«ልጄ በላች?»

«ሻይ ሰጥተናታል።»

«ልጅ ናት እኮ፣ የኔ እህት። ልጅ ናት በያቸው።»

ባየሽ ቀና ስትል ሰማዩ እንደገና ሲጠቁር አየች። አንዲት አሮጊት «ዝናቡ ሳይመጣ ለቀስተኛው ወደ ጓሮዋ ክፍል ይግባ እንጂ» ስትል ሰማችና ፈጥና ወደዚያው ሄደች።

ክፍሏ ጠባብ ናት። አብዱልናስር ሳል ስለያዘው፣ ሚስቴን እንዳልረብሽ ብሎ ለብዙ ቀን እዚያ ለብቻው ይተኛ ነበር። አንዲት መስኮት አለቻት፤ ብርድ እንዳታስገባ በላስቲክ ተወትፋለች። አልጋው ሳይነጠፍ ቀርቷል። ከራስጌው ጀምሮ እስከ ጣሪያው ሥር የበቆሎ ኬሻ ተደርድሯል። ባየሽ አንዱን ኬሻ በእጇ ነካች። እርጥብ ነው። ቀና ብላ ቆርቆሮውን መረመረች፤ የሚያፈስ ቀዳዳ የለም፣ ማገሩም ደረቅ ነው። ነጭ ሽንኩርት የሚመስል፣ ነጭ ሽንኩርት ያልሆነ ሽታ አፍንጫዋን ወጋት። ትንፋሿን ያዘችና አልጋው ሥር አየች። በቅርጫት ውስጥ ዕንቁላል የታቀፈች ቀይ ዶሮ አንገቷን ጥላ ሞታለች።

ባየሽ መስኮቱ ላይ የነበረውን ላስቲክ ገንጥላ ጣለችና በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ወጣች።

«እዚህ ማንም አይገባም። ለቀስተኛም ቢሆን፣ ዕቃ ለማውጣትም ቢሆን። ሞሲሳ፣ እዚህ ቁም፤ በሩ ላይ ሳይሆን ራቅ ብለህ።»

ሞሲሳ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ አየ። «ይህቺን ዶሮ ደግሞ ማን ገደላት? እሷም ወተት ጠጪ ነበረች እንዴ?» አለ እንደ ቀልድ።

ባየሽ ዞር ብላ አየችው። «ከጠዋት ጀምሮ ትክክለኛ ጥያቄ የጠየቀ ሰው አንተ ብቻ ነህ።»

ፋሩቅ ከቤቱ ፊት ባለው የእህል ሱቅ ውስጥ ሚዛኑን ተደግፎ ነበር። ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር ወጣት ነው። ግንባሩን በመሐረብ አስሯል።

«ራስህን ያምሃል?»

«ከጠዋት ጀምሮ ሊፈነዳ ነው። ሐዘን ነው።»

«የሰማኸውን ንገረኝ።»

«ጎህ ሲቀድ አጎቴ ሲያቃስት ሰማሁ። ተነሥቼ ስሄድ መሊካ ኩባያ ይዛ አጠገቡ ቆማለች። ደጋግማ እውነት ነው፣ እውነት ነው አለችው። ወላሂ በጆሮዬ ነው የሰማሁት! መርዝ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ኩባያውን ነጥቄ ወተቱን ደጅ ደፋሁት።»

«ማቃሰቱን የሰማኸው ኩባያውን ከማየትህ በፊት ነው?»

«አዎ፣ ማቃሰቱ ነው የቀሰቀሰኝ።»

«ለአባቷ በምን ቋንቋ ነው እውነት ነው ያለችው? በአማርኛ?»

«በኦሮምኛ። እሷና አጎቴ ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው የሚያወሩት። እሱ ከገበያ ለምዶት፣ እሷ ከሰፈር ልጆች። ሚስቱ ሹኩሪያ እንኳ አትሰማም። ሁለቱ ብቻቸውን እያወሩ ይሳሳቃሉ፤ እኛ እንደ በግ እናያቸዋለን።»

«አንተ ኦሮምኛ ትሰማለህ?»

ፋሩቅ አፈረ። «የገበያውን ያህል። ስንት ነው፣ ጥሩ ነው፣ እውነት ነው፣ ጨምርልኝ። እነዚህን ካወቅህ በቆሎ ትሸጣለህ እያለ አጎቴ ይቀልድብኝ ነበር።»

«እንግዲህ ትርጉሙን ተወው። ትርጉሙን ለኔ ተውልኝ። ከአፏ የወጣውን ድምፅ ብቻ ንገረኝ።»

ፋሩቅ ትንሽ አሰበ። «ዱጋ። ዱጋ፣ ዱጋ ነው ያለችው። ዱጋ እውነት ነው አይደል?»

«ነው» አለች ባየሽ። ቃሉን በማስታወሻ ደብተሯ ጻፈችና «እሱም ነው» አለች።

አዴ ጃለኔ ከአጥሩ ማዶ ላሟን እያሰረች ነበር። ስድሳን የተሻገረች፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ናት። ባየሽ ገና ሳትጠይቃት ጀመረች።

«በቦዩ ተጣልተን ነበር፤ አልደብቅም! የጓሯቸው ጎርፍ በረቴን አጨቀየው። ግን ሰው በቦይ አይገድልም፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ለዚያ ኮንስታብል ነግሬዋለሁ፤ ትናንት ወተት አልሸጥኩላቸውም። የመረዘው ወተት ከሆነ ከኔ ላም አይደለም።»

«ለምን አልሸጡላቸውም?»

«በዚያ ዝናብ ማን ይወጣል? ማታ ማንም አልመጣም።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

አዴ ጃለኔ ገመዱን ለቀቀችው። «እሱን ማንም አልጠየቀኝም።»

«እኔ እየጠየቅሁዎት ነው።»

«መሊካ መጣች። ጎህ ሲቀድ፣ ባዶ እግሯን። አባዬን አሞታል፣ ትንፋሽ አጥሮታል፣ ወተት ስጡኝ አለችኝ። ላሟን አልቤ ሳልጨርስ ነው ከእጄ የነጠቀችኝ። ምስኪን። ወተት ሕመም ያስታግሳል ሲሉ ሰምታ ነው። ትንሽ ቆይቶ ጩኸቱን ሰምቼ ተከተልኳት።» ድምፅዋ ሰለለ። «አልተናገርኩም፤ ወተቱ ከኔ ነው ብዬ ብናገር እኔን ትይዙኛላችሁ ብዬ ፈራሁ።»

«ድመትዎ ደህና ናት?»

«ምን?»

«እዚያ አጥሩ ላይ ያለችው።»

«እሷማ ምን ትሆናለች? ያ ልጅ የደፋውን ወተት ደጃፉ ላይ ላሰችው፤ ይኸው እንደጠገበች ተኝታለች።»

ባየሽ ድመቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት።

ሙሂዲንን ያገኘችው ጓሮ፣ ባዶ ዳስ ሥር ነው። መሬት ላይ ሳንቃዎች ተደርድረዋል፤ አጠገባቸው የተጠቀለለ ሸራና ሸራው ላይ የሚጫኑ ድንጋዮች አሉ። የዳሱ ቆርቆሮ በአንድ በኩል ተገልብጦ ውኃ ያንጠባጥባል።

«እዚህ ምን ነበር?»

«ምንም።»

«ሸራውስ?»

«እንዲሁ ነው።» ሙሂዲን ቀና ብሎ አላያትም። ትከሻው ሰፊ፣ ፊቱ ገና የልጅ ነው። መዳፎቹን በሱሪው ላይ ደጋግሞ ይጠርጋል። «መሊካን መቼ ነው የሚፈቷት?»

«ትፈታለች ያለህ ማነው?»

«ልጅ ናት እኮ» አለ። ቃሉ የእናቱ ነበር፤ ድምፁ ብቻ የሱ ነው።

ባየሽ ሌላ ነገር አልጠየቀችውም። ወደ ሞሲሳ ተመልሳ ወደ ሆስፒታል ደውላ እንደጨረሰች መሊካን ከጣቢያ እንዲያመጣት ነገረችው። «ዐቃቤ ሕጉም ካልከበደው ይምጣ። አስከሬኑ ለቀብር ከመለቀቁ በፊት ይህ ነገር እዚሁ ያልቃል።»

ሁሉም ሱቁ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሹኩሪያ ከኬሻ በተሠራ መከዳ ላይ፣ ሙሂዲን በር አጠገብ፣ ፋሩቅ ከሚዛኑ ጋር። አዴ ጃለኔ ገባ ስትል «ዋቅኒ ሲን ሃ ጀጀቤሱ» ብላ ሐዘንተኞቹን አጽናንታ ጥግ ያዘች። ዐቃቤ ሕጉ፣ መነጽር ያደረገ ዝምተኛ ሰው፣ ቆሞ ቀረ። መሊካ ስትገባ ሹኩሪያ ብድግ አለች፤ ባየሽ እጇን ዘርግታ አስቀመጠቻት።

«ማንንም ለማሳፈር አይደለም የሰበሰብኳችሁ» ብላ ጀመረች። «መሊካ አባቷን ማታ በወተት መረዝኩት ብላለች። ማታ ግን በዚህ ቤት ወተት አልነበረም። ወተቱ የመጣው ጎህ ሲቀድ ከአዴ ጃለኔ ላም ነው፤ የመጣውም አብዱልናስር ከታመመ በኋላ ነው። ፋሩቅ ማቃሰቱን የሰማው ኩባያውን ከማየቱ በፊት ነው።»

«ነገር ግን አምናለች!» አለ ፋሩቅ።

«አምናለች ያልከው አንተ ነህ። እሷ ያለችው ዱጋ ነው። አንተ ከገበያ ያወቅኸው ዱጋ እውነት ማለት ነው። አዴ ጃለኔ፣ ለታመመ ትልቅ ሰው ውኃ ሲሰጡ ምን ይሉታል?»

አዴ ጃለኔ ሳታስብ «ዱጋ» አለች። ወዲያው እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ይጠጡ ማለት ነው! ለልጅ ቢሆን ዱጊ ይባላል። ለአባት ዱጋ ነው። ይጠጡ፣ ይጠጡ!»

ፋሩቅ ሚዛኑን ያዘ። ሰንሰለቱ ተንሿሿ።

«አክብራ ነው የለመነችው» አለች ባየሽ። «ለአባቷ የተናገረችው የመጨረሻ ቃል ይጠጡ የሚል ነበር። መጠጣት አልቻለም። ወተቱን አንተ ደፋኸው፣ ድመት ላሰችው፣ ድመቷ ይኸው አጥር ላይ ተኝታለች። አልጋው ሥር የታቀፈችው ዶሮ ግን ሞታለች። ወተቱን የጠጣችው ድመት በሕይወት አለች፤ ወተቱን ያላየችው ዶሮ ሞተች። ስለዚህ የገደለው ነገር ኩባያው ውስጥ አልነበረም፤ ክፍሉ ውስጥ ነበር። መሊካ እዚያ ቆይታ ወጣች፤ ያስመልሳታል። ፋሩቅ በሩ ላይ ቆመ፤ ራሱ ይፈልጠዋል። ጠጥተው አይደለም፤ ተንፍሰው ነው።»

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ እንደገና ጀመረ።

«ከዚህ በፊት ባኮ ሠርቻለሁ። እዚያ በቆሎ ሲከማች ነቀዝ እንዳይበላው ክኒን ይጨመርበታል። ክኒኑ ደረቅ እህል ውስጥ ቀስ እያለ ይተናል። ውኃ ሲነካው ግን መርዛማ ጋዙን በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። ሽታው የተበላሸ ነጭ ሽንኩርት ይመስላል። አንድ ቤተሰብ እንዲህ ሆኖ አግኝቼ አውቃለሁ። በአብዱልናስር ራስጌ ያለው ኬሻ እርጥብ ነው፤ ጣሪያው ግን አያፈስም። ኬሻዎቹ የረጠቡት እዚያ አይደለም። ጓሮ፣ ዳሱ ሥር፣ ሳንቃ ላይ በሸራ ተሸፍነው ነበር፤ ለክኒኑ የሚመቸው ቦታ እሱ ነው፣ ያስቀመጣቸውም ሰው ጠንቃቃ ነበር። ከዚያ ዝናቡ መጣ፣ ቆርቆሮውን ነፋስ ገለበጠው። እነዚያን ሁሉ ኬሻዎች በጨለማና በዝናብ የሚሸከም ትከሻ በዚህ ቤት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«እኔ ነኝ! እኔ መርዤዋለሁ!» ብላ ጮኸች መሊካ። «ልጅ ነኝ፣ እኔን ውሰዱኝ!»

«መሊካ፣ ስሚኝ» አለች ባየሽ። ድምፅዋን አላነሣችም። «አንቺ አሥራ ስድስት ነሽ። የልጆች ቦታ የምትይው አሥራ አምስት ላልሞላው ነው። አንቺ ባመንሽው ነገር የሚከሱሽ እንደ ትልቅ ሰው ነው፤ አስቦ በመርዝ አባቱን በገደለ ሰው አንቀጽ። ዳኛው ሊያዝንልሽ ይችላል፤ ሊተውሽ ግን አይችልም። እናት ሆነሽ ልጅ የምታሳድጊበት ዕድሜ እዚያ ያልቃል።»

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። «እማ? ይመልሱሻል አላልሽኝም?»

በሩ አጠገብ የነበረው ሙሂዲን ተንበረከከ። «ተዉአት! እኔ ነኝ። ዝናቡ በቆሎውን ሊጨርሰው ነው ብዬ…»

«ዝም በል!» አለች ሹኩሪያ።

«እስከ መቼ ዝም ልበል፣ እማ? ሱቁ ሙሉ ነበር፣ የአባዬ ክፍል ብቻ ነው የቀረው። አባዬ ተኝቶ ነበር። እንዳልቀሰቅሰው ብዬ በእግር ጣቴ ነው ያስገባሁት። በሩንም ብርድ እንዳይመታው ብዬ ዘጋሁት። ክኒኑን ረሳሁት። ወላሂ ረሳሁት! አባዬ ራሱ ነው ውጭ አድርገው፣ ሰው የሚተኛበት አታስገባው ብሎ የነገረኝ።» ግንባሩን ከመሬቱ ጋር አጋጠመው። «እንዳይነቃ ብዬ ነው እኮ ቀስ ያልኩት።»

ሹኩሪያ የምትጮኽ መስሏቸው ሁሉም አዩአት። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ ለባየሽ ብቻ እንደምትናገር ሆና ተናገረች። «ገበያው አጠገብ አንድ ልጅ ባለፈው ዓመት የሰው ራስ በድንጋይ ፈንክቶ ገደለ። ተመክሮ ማረሚያ ገባ፣ አሁን ቤቱ ነው። አሥራ ስምንት ያልሞላው አይታሰርም አሉን። ሙሂዲን ግን ትልቅ ሰው ነው፤ ሰው የገደለ ይሰቀላል። ባሌን በጠዋት አጣሁ። በማግስቱ ልጄን በገመድ ልጣ? መሊካን፣ አንቺ ትመለሻለሽ፣ ወንድምሽ አይመለስም አልኳት። እሺ አለችኝ። አንድ ጊዜ እንኳ እምቢ አላለችኝም።»

«ያ ልጅ ስንት ዓመቱ ነበር?»

«አላውቅም። ትንሽ ነው።»

«አሥራ ሦስት» አለች አዴ ጃለኔ ከጥጉ። «እናቱን አውቃታለሁ።»

ባየሽ ከሹኩሪያ አጠገብ ዝቅ ብላ ተቀመጠች። «እህቴ፣ ሞት ሁሉ በሕግ አንድ አይደለም። አስቦ መግደል አለ። ሳያስብ፣ መጠንቀቅ ሲገባው ሳይጠነቀቅ የገደለም አለ፤ በቸልተኝነት ይባላል። ለሱ ገመድ የለም። ከወራት እስከ ጥቂት ዓመት ቀላል እስራት ነው። ሙሂዲን ጠዋት እውነቱን ቢናገር የሚጠብቀው ይኼ ነበር። አንቺ ልጅሽን ከትንሹ ቅጣት ለማዳን ብለሽ ትልቁን በእህቱ ላይ ጫንሽባት።»

ሹኩሪያ የሰማችውን ለመረዳት ጊዜ ወሰደባት። ስትረዳው ፊቷ ላይ የታየውን ባየሽ ማየት አልቻለችም፤ ወደ ዝናቡ ዞረች።

ዐቃቤ ሕጉ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ወጣቱ ቃሉን ጣቢያ ይስጥ። ተከላካይ ጠበቃ እንዳለው ንገሩት። እናትየዋ ፍትሕን ስለማሳሳቷ በሌላ ቀን እንነጋገራለን። ዛሬ ቀብር ነው» አለ።

ፋሩቅ መሊካ ፊት ቆመ። «ይቅር በይኝ፤ ቃሉን አላወቅሁትም» አላት።

መሊካ አላየችውም። ወንድሟ ዘንድ ሄዳ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷን ከጉልበቱ ጋር አስጠጋች። «ቀስ ብለህ ነው ያስገባኸው» አለችው። «አልነቃም። እኔ ስመጣ ነው የነቃው።» ይህን ያለችው ልታጽናናው ነበር። ሙሂዲን የባሰ አለቀሰ።

ባየሽ ለሞሲሳ ካቴናውን በዓይኗ አሳየችው፤ ኪስህ ይቆይ ማለቷ ነው። እሱም ገብቶት እጁን ከቀበቶው ላይ አነሳ።

አስከሬኑ ከሰዓት በኋላ ተለቀቀ። ሙሂዲን በሁለት ፖሊስ መካከል ሆኖ ወደ መቃብሩ ሄደ፣ አፈር አለበሰ፣ ወደ ጣቢያ ተመለሰ። ኬሻዎቹን የጤና ባለሙያዎች አፋቸውን ሸፍነው አወጧቸው፤ በቆሎው ተቀበረ። ከሆስፒታሉ የተላከው ናሙና መልስ ሲመጣ ባየሽ ከተናገረችው የተለየ ነገር አልተገኘበትም። ሙሂዲን በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከስሶ አመነ፤ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ቀላል እስራት ተፈረደበት። ሹኩሪያ በማስጠንቀቂያ ተለቀቀች። ፋሩቅ ሱቁን ይዞ ቀረ። መሊካ በመስከረም አምቦ ውስጥ ትምህርቷን ቀጠለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለወንድሟ ምግብ ትወስዳለች። በዚያ ቤት ውስጥ ኦሮምኛ የተናገረ ሰው ከዚያ በኋላ አልነበረም።